የሽማግሌ ወረቀት፣ የኮንዶሚኒየም ቤትና የፍርድ ቤት ውሳኔ

የአንባቢያን ጥያቄ፣ የሕግ ባለሙያዎች መልስ

በዚህ እትም ከከተማዋ ዳርቻ የደረሱንን ስለ ፍቺና ስለ ንብረት ክፍፍል የሚጠይቁ ደብዳቤዎች ይዘናል። የጸሐፊዎቹን ስምና መለያ ሰርዘናል። አዲስ አበባ ላይ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ስለሆነ አንቀጽ ብቻ ስንጠራ የእሱን ማለታችን ነው።

«በትዳር 11 ዓመት ኖረናል፤ ሁለት ልጆች አሉን። ባለቤቴ ቤቱን ጥሎ ከወጣ 8 ወር ሆነው። የሁለታችን ወገን ሽማግሌዎች ተቀምጠው ‹ተፋተዋል፤ ኮንዶሚኒየሙ ለእሷ፣ ባጃጁ ለእሱ› ብለው ጻፉ፤ ሁለታችንም ፈረምን። ቤቱ ግን በእሱ ስም ነው። የተመዘገበው ከመጋባታችን በፊት በ1997 ሲሆን ዕጣው የወጣው ከተጋባን በኋላ ነው። አሁን ‹ቤቱ የግሌ ነው› ብሎ ደላላ እያመጣ ያሳያል። ባጃጁንም ከሁለት ወር በፊት ለወንድሙ አዙሮታል። ወረቀቱ አያድነኝም ወይ?» — ከቦሌ አራብሳ

እህታችን፣ ወረቀቱ ፍቺ አይደለም። በአንቀጽ 117 መሠረት ፍቺን የሚወስነው ፍርድ ቤት ብቻ ነው፤ ሽማግሌዎች ሥልጣናቸው ማስታረቅ ላይ ያበቃል። በትዳር ውስጥ ባልና ሚስት እርስ በርስ የሚያደርጉት ውልም ፍርድ ቤት ካላጸደቀው አይጸናም (አንቀጽ 73)። ስለዚህ በሕግ ዛሬም ባልና ሚስት ናችሁ፣ ክፍፍሉም ገና አልተደረገም።

ቢሆንም ወረቀቱን አይጣሉት። ባለቤትዎ ቤቱም ባጃጁም የሁለታችሁ መሆናቸውን በፊርማው ያመነበት ሰነድ ነው። ነገ ችሎት ላይ «የግሌ ነው» ሲል ዳኛው ፊት የሚያስቀምጡት ጥሩ ማስረጃ ይሆንዎታል። ዋናውን ለማንም አይስጡ፤ ከፈረሙት ሽማግሌዎች ሁለቱን በምስክርነት ያስመዝግቡ።

ጋብቻው አለመፍረሱም ለጊዜው ይጠብቅዎታል። በአንቀጽ 68 መሠረት አንዱ ተጋቢ ያለ ሌላው ስምምነት የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት መሸጥ፣ መለወጥ፣ ማከራየት ወይም መያዣ ማድረግ አይችልም። ዋጋው ከ500 ብር በላይ የሆነ የሚንቀሳቀስ ንብረትም እንደዚያው ነው፤ ባጃጁ እዚህ ውስጥ ይገባል። ያለ ስምምነትዎ የተደረገውን ውል ፍርድ ቤቱ እንዲያፈርስልዎ መጠየቅ ይችላሉ፤ የጊዜ ገደቡ ግን አጭር ነው። ውሉን ካወቁበት ቀን ጀምሮ 6 ወር፣ በማናቸውም ሁኔታ ደግሞ ውሉ ከተደረገ 2 ዓመት (አንቀጽ 69)። የባጃጁን መዞር የሰሙት ከሁለት ወር በፊት ከሆነ የቀረዎት 4 ወር ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ «ፍቺው ሲያልቅ አብሮ ይታያል» ብሎ ሲጠብቅ ቀኑ ያልፍበታል።

«ቤቱ በእሱ ስም ነው» የሚለው አያስፈራዎት። አንቀጽ 63 በአንዱ ተጋቢ ስም ቢመዘገብ እንኳ ንብረቱ የጋራ እንደሆነ ይገምታል፤ የግሌ ነው የሚለው ወገን ማስረዳት አለበት። ምዝገባው ከጋብቻ በፊት ቢሆንም ውሉ የተፈረመውና ወርሃዊው ክፍያ የተከፈለው በትዳር ውስጥ ነው፤ ከደመወዝም ከባጃጅ ገቢም የመጣ ገንዘብ የጋራ ነው (አንቀጽ 62)። ባለቤትዎ ሊከራከርበት የሚችለው ከጋብቻ በፊት በቁጠባ ደብተሩ የነበረውን ገንዘብ ነው። በግል ገንዘብ የተገዛ ንብረት እንኳ የግል የሚባለው ፍርድ ቤት እንደዚያ ብሎ ሲወስን ነው (አንቀጽ 58)። የቁጠባውን የባንክ መግለጫ ከጋብቻ በፊትና በኋላ ለይቶ ፍርድ ቤቱ እንዲያስቀርብ ይጠይቁ፤ ባንክ ለእርስዎ በቃል ጥያቄ አይሰጥም።

አሁን መጀመሪያ የሚሠራው የእግድ ጥያቄ ነው። የፍቺውን አቤቱታ ለፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት፣ ክፍለ ከተማዎን ለሚያየው ምድብ የቤተሰብ ችሎት ሲያቀርቡ፣ በዚያው ቀን በቃለ መሐላ የተደገፈ የእግድ ማመልከቻ አያይዙ። ማመልከቻው የብሎክና የቤት ቁጥሩን፣ የባጃጁን የሰሌዳ ቁጥርና ደላላው የመጣበትን ቀን ይያዝ። «ንብረቴን እንዳይሸጥ» ብቻ የሚል ማመልከቻ ብዙ ጊዜ ውድቅ ይሆናል፤ ዳኛው የትኛውን ንብረት እንደሚያግድና አደጋው ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ከወረቀቱ ላይ ማየት አለበት።

እግዱ ከተፈቀደ ሥራው ገና ተጀመረ እንጂ አላለቀም። ትእዛዙ ለክፍለ ከተማው የቤቶች ጽሕፈት ቤት፣ ለሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ፣ ለአበዳሪው ባንክና ለትራንስፖርት ቢሮ መድረስ አለበት። ደብዳቤውን ከሬጅስትራር ተቀብለው ራስዎ ያድርሱ፤ በእያንዳንዱ ቦታ በእርስዎ ቅጂ ላይ «ደርሷል» የሚል ማኅተምና ቀን ያስመቱ። መዝገብ ውስጥ ተቀምጦ የቀረ እግድ ቤት ሲሸጥ አያስቆምም። ከዚህ በፊት ለባለቤትዎ የውክልና ሥልጣን ሰጥተው እንደሆነም ያስታውሱ፤ በዚያ ውክልና «ሚስት ተስማምታለች» ተብሎ ሊሸጥ ስለሚችል ሰነዶች ማረጋገጫ ሄደው ይሻሩት።

አቤቱታው ሙሉ አድራሻችሁን፣ ጋብቻው የተፈጸመበትን ቀንና ቦታ፣ የልጆቹን ስምና ዕድሜ ይይዛል። የጋብቻ የምስክር ወረቀት፣ የልጆቹ የልደት የምስክር ወረቀትና መታወቂያ ይያያዛሉ፤ ቅጂዎች ለፍርድ ቤቱና ለተጠሪ፣ ዋናዎቹ ደግሞ ለማመሳከር በችሎት ቀን ከእርስዎ ጋር ይሆናሉ። የጋብቻ ወረቀት ከሌለዎት እንደ ባልና ሚስት መኖራችሁን በምስክር ማስረዳት ይቻላል። በር ላይ ያሉ ማመልከቻ ጸሐፊዎች አንዳንዴ ከሌላ ሰው አቤቱታ ላይ ገልብጠው «ይደበድበኛል፣ ይሰክራል» የሚል ይጨምራሉ። ያልሆነ ነገር አይፈርሙ፤ አንዱ ውሸት ሲጋለጥ እውነቱም አብሮ ይጠረጠራል።

ብዙ ሰው የማይጠይቀው አንድ ነገር አለ። አንቀጽ 82 ፍርድ ቤቱ አቤቱታው እንደደረሰው ስለ ተጋቢዎች መተዳደሪያ፣ ስለ ልጆች አያያዝና ቀለብ፣ ስለ ንብረት አስተዳደርም ጊዜያዊ ትእዛዝ እንዲሰጥ ያዛል። አብሮ መኖር ካልተቻለም አንደኛው ከቤት እንዲወጣ ማዘዝ ይችላል። ይህንን በአቤቱታው መጨረሻ ለይተው በቁጥር ይጻፉ፦ የቤት ኪራይ ወይም የባንክ ክፍያ በወር ስንት፣ የትምህርት ቤት ክፍያ ስንት፣ አስቤዛ ስንት፣ ትራንስፖርት ስንት። ዛቻ ካለ ለፖሊስ ያመልክቱ፤ የማመልከቻውን ቁጥርም ይያዙ።

ከዚያ በኋላ ዳኛው ሁለታችሁንም ያነጋግራል፤ በመረጣችኋቸው ሽማግሌዎች እንድትታረቁ ሊያዝ ወይም እስከ 3 ወር የማሰቢያ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል። ይህ ሁሉ ሳይሳካ ሲቀር ፍርድ ቤቱ በአንድ ወር ውስጥ ፍቺውን ይወስናል። በተግባር የሚያጓትተው መጥሪያ ነው፤ ተጠሪው አድራሻ ከቀየረ ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ይደራረባል። የባለቤትዎን የሥራ ቦታ፣ ባጃጁ የሚቆምበትን ተራና የስልክ ቁጥሩን በአቤቱታው ላይ ይስጡ።

ባለቤትዎ ልቡ ከተመለሰ ደግሞ ቀለል ያለ መንገድ አለ። በስምምነት ለመፋታት ሁለታችሁ ፈርማችሁ፣ ምክንያት ሳትገልጹ፣ የልጆችንና የንብረቱን ጉዳይ ዘርዝራችሁ ለፍርድ ቤቱ ታቀርባላችሁ (አንቀጽ 77)። ሽማግሌዎቹ የጻፉት ሐሳብ ያኔ ሕይወት ያገኛል። ፍርድ ቤቱ ግን የልጆቹን ቀለብ ያልተናገረ ወይም አንዱን የሚጎዳ ስምምነት እንዳለ አያጸድቅም፤ ፍቺውን ብቻ ተቀብሎ ሌላውን ራሱ ሊወስን ይችላል። በእናንተ ወረቀት ላይ የልጆቹ ነገር አንድ ቃል የለም።

ገንዘቡን ለመገመት አንድ ምሳሌ እንስጥ። ቤቱ በባለሙያ 3,000,000 ብር ቢገመትና የባንክ ዕዳ 240,000 ብር ቢቀርበት፣ የምትካፈሉት 2,760,000 ብር ነው። ባጃጁ 400,000 ብር ቢባል ድምሩ 3,160,000፣ የአንዱ ድርሻ 1,580,000 ብር ይሆናል። ቤቱን እርስዎ፣ ባጃጁን እሱ ቢወስዱ፣ እርስዎ 1,180,000 ብር ይከፍሉታል፤ የባንኩ ዕዳም በእርስዎ ላይ ይቀጥላል። «ቤቱ ለእሷ፣ ባጃጁ ለእሱ» ሲባል እኩል የመሰለው ምን ያህል እንደሚራራቅ ልብ ይበሉ፤ ባለቤትዎ ሐሳቡን የቀየረውም ይህንን አስልቶ ሊሆን ይችላል። ያን ያህል ገንዘብ ከሌለዎትና ካልተስማማችሁ ቤቱ ተሸጦ፣ በሽያጩ ሁኔታ ላይም ካልተስማማችሁ በሐራጅ፣ ገንዘቡ ይካፈላል። ኮንዶሚኒየም ከተላለፈ 5 ዓመት ሳይሞላው በሽያጭ ማስተላለፍ የተከለከለ ስለሆነ በመሸጥ ላይ ከመቁጠርዎ በፊት የውልዎን ቀን ይመልከቱ። ባንኩም በፍርድ ቤት ክርክሩ ስላልነበረ ውሉን በራሱ አይለውጥም፤ ውሳኔውን ይዘው ዕዳው ወደ እርስዎ እንዲዞር ካላመለከቱ ተበዳሪው ባለቤትዎ ሆኖ ይቀራል፤ እሱ ስለ ዕዳው ሲጠየቅ እርስዎ ስለ ካርታው ትጉላላላችሁ።

እቁብ ካላችሁም አይርሱት። በትዳር ውስጥ የተጣለ እቁብ ወጥቶ እጅ ላይ ያለው ገንዘብ የጋራ ሀብት፣ ያልተከፈለው ቀሪ ዙር ደግሞ የጋራ ዕዳ ነው። የዳኛውንና የጸሐፊውን ስም ይያዙ፤ መዝገቡ ማስረጃ ነው።

«ካራ አካባቢ ከጋብቻ በፊት ካርታ ያለው ቦታና ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ነበረኝ። ከተጋባን በኋላ አምስት ሰርቪስ ክፍሎች ሠርተን እያከራየን ነው። ባለቤቴ ግማሹን ትጠይቃለች። ወንድሟም 350,000 ብር አበድሬያቸዋለሁ ብሎ ወረቀት አምጥቷል።» — ከካራ

ወንድማችን፣ ሁለቱ ክፍል ቤትና ይዞታው በጋብቻ ቀን የነበረዎት ስለሆነ የግልዎ ነው (አንቀጽ 57)። አምስቱ ክፍሎች ግን በጋራ ገቢ እስከተሠሩ ድረስ የጋራ ናቸው። ኪራዩም እንደዚያው። ሕጉ ከግል ንብረት የሚገኘውን ገቢ እንኳ የጋራ ያደርገዋል፤ የጭቃ ቤቱ ኪራይ ሳይቀር ማለት ነው። «ቤቱ የግሌ ነው፣ ኪራዩም የግሌ ነው» የሚለው ክርክር በዚህ ምክንያት ይወድቃል።

አምስቱ ክፍሎች ከግቢው ተነጥለው ስለማይወጡ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ይህ ነው፦ ባለሙያ ክፍሎቹን ይገምታል፣ ቤቱ ከእርስዎ ጋር ይቀራል፣ የግምቱን ግማሽ ለባለቤትዎ ይከፍላሉ። ክርክሩ የሚከብደው ግምቱ ላይ ነው። የብሎኬት፣ የሲሚንቶና የቆርቆሮ ደረሰኞችን፣ የግንባታ ፈቃዱን፣ የመጀመሪያውን ቤት ፎቶግራፍ ያቅርቡ፤ በጋብቻ ቀን ምን እንደነበረ ካልታየ ባለሙያው ሁሉንም አንድ ላይ ይገምተዋል። የጭቃ ቤቱን አፍርሰው በብሎኬት ሠርተውት ከሆነ ቤቱ የግሌ ነው የሚለው ክርክር በጣም ይከብድብዎታል። ግምቱ ካላጠገብዎ ለችሎቱ በወቅቱ ይቃወሙ፤ ፍርድ ከተሰጠ በኋላ የሚቀረው 60 ቀን ያለው ይግባኝ ነው።

ስለ ወንድሟ ወረቀት፦ በፍቺ ጊዜ ድንገት የሚወጣ የዘመድ ብድር ብዙ ነው፤ በባል ወገንም በሚስት ወገንም። ከ500 ብር በላይ መበደር የሁለቱን ተጋቢዎች ስምምነት ይጠይቃል፤ የብድር ውልም ከ500 ብር በላይ ሲሆን በጽሑፍ፣ በችሎት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም በመሐላ መረጋገጥ አለበት። እርስዎ ፈርመዋል? ገንዘቡ በባንክ ገብቷል? በየትኛው ቀን? የወረቀቱ ቀን ከአለመግባባቱ በኋላ ከሆነ ይህንን በግልጽ ያመልክቱ። ገንዘቡ በእርግጥ ለሰርቪሶቹ ወይም ለቤተሰቡ ኑሮ ውሎ ከሆነ ግን አይካዱ፤ ለቤተሰቡ ጥቅም የተገባ ዕዳ የሁለታችሁም ነው፣ ከክፍፍሉ በፊትም ይከፈላል።

ካርታ ለሌላቸው አንባቢዎቻችን አንድ ቃል። በጨረቃ ቤት ወይም ከገበሬ በወረቀት ብቻ በተገዛ ቦታ ላይ ክርክር ሲነሳ ፍርድ ቤቱ ለመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ይጽፋል፤ ክርክሩን በአብዛኛው የሚወስነው ከዚያ የሚመጣው መልስ ነው። ስለዚህ ከአቤቱታ በፊት የይዞታውን ሁኔታ ጠይቃችሁ እወቁ። «ሕጋዊ አይደለም» የሚል መልስ ሊመጣ በሚችልበት ቤት ላይ በስምምነት መጨረስ ለሁለቱም የተሻለ ነው።

«ሐና ማርያም ከአንድ ሰው ጋር 7 ዓመት አብረን ኖርን፤ ሠርግም ፊርማም የለም። አሁን ‹ሠራተኛዬ ነበረች› ይላል።» — ከሐና ማርያም

እህታችን፣ ጋብቻ ሳይፈጸም እንደ ባልና ሚስት አብሮ መኖር በሕጉ ራሱን የቻለ ቦታ አለው፤ ግንኙነቱ ከ3 ዓመት ያላነሰ ከሆነ በዚያ ጊዜ የተፈራው ሀብት የጋራ ነው (አንቀጽ 102)። የፍቺ አቤቱታ አያስፈልግዎትም፤ የሚያስፈልግዎት ግንኙነቱ እንደነበረ ተረጋግጦ ንብረቱ እንዲካፈል መጠየቅ ነው።

«ሠራተኛዬ ነበረች» የሚለው መከላከያ የተለመደ ነው፤ ልብ ይሰብራል፣ ግን ይሸነፋል። ሠራተኛ ደመወዝ አላት፤ ስንት እንደሚከፍልዎትና በምን እንደሚከፍል በመስቀለኛ ጥያቄ ይጠየቅ። የእድር መዝገብ ላይ እንደ ባልና ሚስት መመዝገባችሁ፣ የኪራይ ውል ላይ የሁለታችሁ ፊርማ፣ የወረዳ የቤተሰብ ቅጽ፣ የልጅ ክርስትና ወይም ልደት ወረቀት፣ የሆስፒታል ካርድ ላይ «ባለቤት» ተብሎ የተሞላ ስም፤ እነዚህን ይሰብስቡ። ምስክር ሲመርጡ የእርስዎን ቤተሰብ ብቻ አይጥሩ። ግድግዳ የሚጋራ ጎረቤት፣ የእድር ዳኛ፣ የእሱ ዘመድ ይበልጥ ይታመናሉ። ምስክሮቹ «እሰማለሁ» ሳይሆን «በዚህ ዓመት በዚህ ቤት አብረው ሲኖሩ አይቻለሁ» ማለት መቻል አለባቸው።

«ለገጣፎ ነው የምንኖረው፤ የተጋባነው አዲስ አበባ ነው። የት ልክሰስ? የሃይማኖት ሸንጎስ ይቻላል?» — ከለገጣፎ

ወሳኙ የሠርጉ ቦታ አይደለም። በመደበኛው ሥርዓት ክስ የሚቀርበው ተከሳሹ በሚኖርበት ወይም በሚሠራበት አካባቢ ላለው ፍርድ ቤት ነው። ለገጣፎ በሸገር ከተማ ሥር ስለሆነ ጉዳዩን የሚያዩት የኦሮሚያ ክልል ፍርድ ቤቶች ናቸው፤ የሚጠቀሰውም የክልሉ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 69/1995 ከነማሻሻያው 83/1996 ነው። የችሎቱ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ ካልቻሉ አስተርጓሚ ይጠይቁ፣ ጥያቄውንም በመጀመሪያው ቀጠሮ ያስመዝግቡ። የሁለቱ ከተሞች ወሰን በ2014 ከተወሰነ ወዲህ ከአንዱ ወደ ሌላው የዞሩ ሰፈሮች ስላሉ በአሮጌ መታወቂያ ላይ ብቻ አይመኑ፤ ያለ ሥልጣን የታየ ጉዳይ ወራት ከፈጀ በኋላ ሊዘጋ ይችላል። የሸሪዓ ፍርድ ቤትን በተመለከተ፣ ጉዳዩን ማየት የሚችለው ሁለታችሁም ስትስማሙ ብቻ ነው፤ አንዳችሁ ካልፈቀዳችሁ ወደ መደበኛው ይሄዳል።

«ከተፋታን በኋላ ልጄ ከእኔ ጋር ናት። ቀለብ በወር እንዲከፍል ተወስኖ ለ14 ወር አልከፈለም። ፀብ አልወድምና ዝም አልኩ።» — ከአቃቂ

እህታችን፣ ዝምታዎ ዋጋ ሊያስከፍልዎ ስለሚችል በዚህ ሳምንት ይንቀሳቀሱ። በሕጉ ከሚከፈልበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ ያልተጠየቀ ውዝፍ ቀለብ ለኑሮ አስፈላጊ እንደነበር ካልተረጋገጠ በስተቀር አይጠየቅም። ስለዚህ ያለፉትን ወራት እንዴት እንደሸፈኑ የሚያሳይ ማስረጃ ያስፈልግዎታል፦ የተበደሩበት ወረቀት፣ ያልተከፈለ የትምህርት ቤት ማሳሰቢያ፣ የሱቅ ዱቤ ደብተር።

ውሳኔው በራሱ ገንዘብ አያስከፍልም። ግልባጩን በማኅተም አውጥተው የአፈጻጸም መዝገብ ያስከፍቱ። ተቀጣሪ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ለመሥሪያ ቤቱ እንዲጻፍ ይጠይቁ፤ ቀለቡ ከደመወዙ እየተቆረጠ በየወሩ በባንክ ሒሳብዎ ይገባል። ከዛሬ በኋላ በእጅ ገንዘብ አይቀበሉ፣ ከተቀበሉም ወሩን ጽፈው ይፈራረሙ። የልጅቷ ወጪ ከጨመረ ወይም የአባቷ ገቢ ከተለወጠ የቀለቡ መጠን እንዲሻሻል ማመልከት ይችላሉ። የዳኝነት ክፍያና የጠበቃ አቅም ከሌለዎት ከወረዳዎ የድህነት ማስረጃ አውጥተው በነጻ ለመከራከር ያመልክቱ፤ የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ሲሄዱ የውሳኔውን ግልባጭ፣ የልጅቷን የልደት የምስክር ወረቀትና የባንክ መግለጫውን ይዘው ይሂዱ።